የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እና የእኛ ቤት ስምንት ሳምንታት

ሁለተኛ ዲግሪ መማር ያሰበ ሰው ድሮ የሚጨነቀው ስለ ስፖንሰር ደብዳቤ፣ ስለ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና ስለሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ግን ከሁሉም በፊት የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ጋትን አልፈሻል?» ይባላል። ትምህርት ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለማስተርስም ሆነ ለዶክትሬት ማለፊያው በር ሆኗል። ቀደም ሲል በዚህ ስም የሚታወቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ፈተና ስለነበር፣ እዚያ ያላመለከተ ሰው ስሙንም ላይሰማ ይችላል። አሁን ጎንደር ያለውም፣ ዳባትና ደባርቅ ሆኖ የሚያመለክተውም ያንኑ ፈተና ይቀመጣል።

እኔ ጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ስለዚህ ፈተና ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሙያዬ ብቻ አይደለም፤ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። እህቴ ዳባት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አግብታ የሦስት ዓመት ልጅ አላት፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ትሆናለች። የመጀመሪያውን ፈተና ተቀምጣ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። መሥሪያ ቤቷ የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ደብዳቤ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ሁለተኛው ፈተና ካመለጣት ዕድሉ ለሌላ ባልደረባዋ ሊተላለፍ ነው። ጭንቀቷን ላላየ ሰው መንገር ይከብዳል።

ፈርታ ብትመጣ አይፈረድባትም። ፈተና የሚባል ነገር በየቤቱ ስሙ ከብዷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መጣ። ከዚያ በኋላ ይኼኛው ተጨመረ። እህቴን የመሰሉት፣ የመውጫ ፈተና ሳይጀመር የተመረቁት፣ ከ12ኛ ክፍል ወዲህ አገር አቀፍ ፈተና ፊት ቀርበው አያውቁም።

«እትዬ፣ ጭንቅላቴ ደርቋል» አለችኝ ዘመን መለወጫን ልታከብር ጎንደር የመጣች ዕለት። «ሒሳብ ከዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ወዲህ አላየሁም።»

እኔ ግን እንዲያው አላመንኳትም። «ሌሊት ተረኛ ሆነሽ 1,000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ሲታዘዝ በደቂቃ ስንት ጠብታ ታደርጊዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳታስብ «42» አለች። አንዱ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 1,000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 41.67 ይመጣል፤ ልክ ናት። ይኼ እኮ ፈተናው ላይ የሚመጣው የንጥጥር ጥያቄ ራሱ ነው። በየሌሊቱ የምትሠራውን ነገር ወረቀት ላይ ስታየው ሒሳብ ይሆንባትና ትፈራዋለች።

ታዲያ ምን ጣላት? ይኼን ሳናውቅ መጽሐፍ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው ብዬ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ዓይነት ሙከራ አደረግን። 20 ጥያቄ ያለ ሰዓት ሰጠኋት፤ 15ቱን አገኘች። ሌላ ተመሳሳይ 20 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ገደብ ሰጠኋት፤ ዘጠኝ ብቻ አገኘች፣ ስድስቱን አልነካቻቸውም። ሦስተኛውን 20 ወደ አማርኛ መልሼ በዚያው 25 ደቂቃ ሰጠኋት፤ 16 አገኘች፣ ጊዜም ተረፋት። የመጀመሪያው ፈተና ላይም ሳትደርስባቸው የቀሩት ጥያቄዎች 19 እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። እንግዲህ የጎደላት ማሰብ አልነበረም። እንግሊዝኛ አንብቦ እስኪገባት ሰዓቱ ይሄድባታል። ብዙዎቻችን በአማርኛ ፊደል ቆጥረን፣ በአማርኛ ተምረን ነው ወደ እንግሊዝኛ የተሻገርነው፤ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ ቤት ባልሞላባቸው የደጋ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የእንግሊዝኛ ንባብ ከመማሪያ መጽሐፉ ብዙም አያልፍም።

ለዚህ ምስክር እናታችን ናት። ያን ዕለት ቡና ስትቆላ እኛ ከጎኗ የቅደም ተከተል ጥያቄ ይዘን ስንጨቃጨቅ ሰማችን። እኔም በማኅበር አስመስዬ ነገርኳት። «አምስት ሰዎች ከጥቅምት እስከ የካቲት በየወሩ ተራ በተራ ማኅበር ይደግሳሉ፤ ቄሱ፣ ጡረተኛው፣ ነጋዴዋ፣ ነርሷና መምህሩ። ነጋዴዋ በጥር ጥምቀት ገበያ ስለሚደራባት ጥር አይሆንልኝም ብላለች። ነርሷ የምትደግሰው ከነጋዴዋ ቀጥሎ ባለው ወር ነው። ጡረተኛው ኅዳርን ይዟል። መምህሩ ከቄሱ በኋላ ነው። ጥርን የሚደግሰው ማነው?» ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ቡናውን ሁለቴ እንኳ ሳታገላብጥ «ነርሷ ናት እንጂ ማን ይሆናል» አለች። ምክንያቷንም ሰጠች፤ «ኅዳር ተይዟል፣ ነጋዴዋ ጥር አትወጣም። ነርሷ ደግሞ ከኋላዋ ትከተል ካላችሁ፣ ነጋዴዋ ታኅሣሥ ካልገባች ለሁለቱ ተከታትሎ የሚበቃ ቦታ የት አለ?» እህቴ ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስትሠራ ሦስት ደቂቃ ፈጅቶባት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ሰውን መፈተን አዲሷ አይደለም። በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ማስመስከሪያ ጉባኤ ነው፤ ተማሪው ዓመታት ቆይቶ በመምህሩ ፊት ያለውን ሁሉ አሳይቶ ነው ተመስክሮለት የሚወጣው። እዚያ መምህሩ ተማሪውን ያውቀዋል፣ ሲሳሳት ያርመዋል፣ ደግሞ ይጠይቀዋል። ዛሬ የምንቀመጠው ፈተና ማንንም አያውቅም። አራት አማራጭ ይሰጣል፣ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ በቃ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለባለሙያዎች ልተወውና፣ ሁለተኛው ዓይነት ፈተና የራሱ የሆነ ልምምድ እንደሚፈልግ ግን አልጠራጠርም።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚያውቁት ጂአርኢ የሚባለው የአሜሪካ ፈተናም ከዚህ ቤተሰብ ነው። የቃል፣ የቁጥርና የጽሑፍ ክፍል አለው። ለብዙ ዓመታት አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚያልቅ አድካሚ ፈተና ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ግን ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ አሳጥረውታል። አዘጋጁ ድርጅት ኢቲኤስ በነፃ የሚለቃቸው የልምምድ ፈተናዎች አሉት። እኛም የተጠቀምነው በአብዛኛው እነዚያን ነው። የቃላት ክፍሉ ከእኛው ይከብዳል፤ የሒሳቡና የምክንያታዊ አስተሳሰቡ ጥያቄ ግን ጥሩ መሟሟቂያ ነው። በቴሌግራም «የዘንድሮው ጥያቄ ወጥቷል» እያሉ የሚሸጡትን ግን እባካችሁ አትግዙ። አንድ ባልደረባዬ ያሳየኝን አንዱን አየሁት፤ ከሦስት ጥያቄ አንዱ መልሱ የተሳሳተ ነው። ተሳስቶ የታረመ ነገር ከማጥናት ዝም ብሎ መተኛት ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ። ስምንት ሳምንት ነበረን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ለሒሳብ መሠረት ሰጠናቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ መቶኛ፣ ንጥጥር፣ አማካይ፣ ቀላል እኩልታ፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ። ካልኩለስ ፍለጋ የሚሄዱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ጊዜያቸውን ነው የሚያባክኑት። ከባዱ ነገር ስሌቱ አይደለም፣ ወጥመዱ ነው። ለምሳሌ አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበር እንበል። ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፤ ቀጥሎ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? «ያው 10,000» የሚል መልስ ከአማራጮቹ ውስጥ ተጎልቶ ይጠብቃችኋል። ግን 10,000 በ20 በመቶ ሲያድግ 12,000 ነው፤ የ12,000 ሃያ በመቶ ደግሞ 2,400 ስለሆነ የሚቀረው 9,600 ብር ነው። ወይም የደቦውን ተመልከቱ። አንዱ ገበሬ ብቻውን በ6 ቀን፣ ጎረቤቱ ብቻውን በ3 ቀን የሚያጭዱትን ማሳ አብረው ቢገቡበት በስንት ቀን ይጨርሳሉ? የቸኮለ ሰው 6ና 3ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 4 ቀን ተኩል ይላል። አንዱ ብቻውን በ3 ቀን የሚጨርሰው ሥራ ረዳት ሲጨመርለት እንዴት 4 ቀን ተኩል ይፈጃል? በቀን አንደኛው የማሳውን አንድ ስድስተኛ፣ ሁለተኛው አንድ ሦስተኛ ያጭዳሉ፤ ሲደመር ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ቀን። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ይኼንኑ ነው፤ ከማስላታችሁ በፊት መልሱ በግምት የት አካባቢ መሆን እንዳለበት አስቡ።

አንዷን ለእናንተ ልተዋት፤ እራት ላይ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሯት። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ መኪና ሲሄድ ዳገቱ ይዞት በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስ ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? መልሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ንባብ ያዝን። በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከጋዜጣም ከጤና መጽሔትም፣ አንድ ገጽ የማይሞላ፤ ሰዓት ተይዞ ይነበባል፣ ከዚያ ተከድኖ ዋናው ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፋል። መዝገበ ቃላት የሚገለጠው ከተጻፈ በኋላ ነው። ይኼን ሕግ መጀመሪያ ላይ ጠልታው ነበር፤ የማታውቀው ቃል ሲመጣ እጇ ወደ ስልኳ ይሮጣል። ፈተና ላይ ስልክ እንደሌለ አስታወስኳት። የመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ 7 ደቂቃ ወሰደባት፤ በስድስተኛው ሳምንት ከ3 ደቂቃ ትንሽ በላይ። ከቃላቱ ይልቅ ደግሞ ትንንሾቹ ማያያዣዎች እንደሚጥሏት አወቅን። «አንለስ»፣ «ኤክሰፕት»፣ «ናይዘር» የሚሉት ቃላት በቸኮለ ዓይን ይዘለላሉ፤ እነሱ ሲዘለሉ የጥያቄው ትርጉም ይገለበጣል። በእርሳስ እያከበበች ለመደቻቸው።

የምክንያታዊ አስተሳሰቡን ክፍል ከሰው ጋር መሥራት ይሻላል። «የዳባት ገበሬዎች ሁሉ ገብስ ይዘራሉ፤ ይኼ ሰው ገብስ ይዘራል፤ ስለዚህ የዳባት ገበሬ ነው» ቢባል ብዙ ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። የወገራውም፣ የጃናሞራውም ገብስ ይዘራል እኮ! እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብቻውን ሆኖ የሚሠራ ሰው ስህተቱን አያየውም፤ የሚከራከረው ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህቴ ሌላ ሁለት የትምህርት ቤቴ ባልደረቦችም እየመጡ አራት ሆነን እንከራከር ነበር። የቤቱ ጩኸት ጎረቤት ጠብ መስሎት በሩን አንኳኩቷል።

ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የስህተት ደብተር አስያዝኳቸው። የተሳሳቱትን ጥያቄ ይጽፉና ከአጠገቡ ምክንያቱን ያሰፍራሉ፤ «አላውቀውም ነበር»፣ «በትክክል አላነበብኩትም» ወይም «ጊዜ አለቀብኝ»። ከወር በኋላ የእህቴን ስንቆጥር ከተሳሳተቻቸው ግማሽ የሚበልጡት «በትክክል አላነበብኩትም» የሚል ተጽፎባቸዋል። ይኼ ደብተር ባይኖር ኖሮ አሁንም ቀመር እየሸመደደች ነበር።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ሁሉም ነገር እንደ ዕቅዱ የሄደ ሊመስለው ይችላል። አልሄደም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ለዚህ ፈተና መመዝገቢያው ግን ኢንተርኔት ነው። እህቴ ለመጀመሪያው ፈተና የተመዘገበችው አዲስ አበባ ላለው የአጎታችን ልጅ ስሟን፣ የተመረቀችበትን ዓመትና ሌላውን መረጃ በስልክ ፊደል በፊደል እያስጻፈች ነው። መንገድ የሚዘጋበት ቅዳሜም ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄዎቹን በአጭር የጽሑፍ መልእክት አምስት አምስት እያደረግሁ እልክላታለሁ፤ እሷ መልሱን በፊደል ብቻ ትመልሳለች፤ «1 ሐ፣ 2 ሀ» እያለች። ከዳባት ወደ ጎንደር ያለውን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ለማለፍ የፈተናው ዕለት ማለዳ መነሳት የማይታሰብ ስለሆነ፣ ከሦስት ቀን በፊት መጥታ እኛ ዘንድ አደረች። ከገጠር ለሚመጡ ተፈታኞች ሁሉ የምመክረው ይኼንኑ ነው።

ይኼ ዓምድ የቤተሰብ ነውና ስለ ባሏም ልናገር። የጥናት ሰዓቷ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነበር፤ መብራት ቢጠፋም በባትሪ መብራት። ልጁ ሲነቃ የሚያነሳው፣ ቁርሱን የሚሰጠው፣ አጸደ ሕፃናት የሚያደርሰው አባቱ ነው። በደጋው አገራችን ይኼ ለወንድ ልጅ ቀላል ወሬ አይደለም፤ አማቷ «ምን ሆነሽ ነው ልጄን ገንፎ የምታስገነፊው?» ብለዋት ነበር። እሱ ራሱ ነው የመለሰላቸው፤ «እማዬ፣ ሁለት ወር ነው፤ ገንፎው ደግሞ ከሷ ይሻላል» ብሎ አሳቃቸው። መጽሐፍ ከመግዛትና ለአስጠኚ ከመክፈል ይልቅ የሚፈታኝ ሰው ከቤተሰቡ የሚፈልገው በቀን ያልተቆረሰ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሚገርመው ደግሞ ይኼን ለወንድሞቻችን ሳንጠየቅ እንሰጣለን፤ ሴት ልጅ ስትፈተን ግን ወጥ ቤቱም ልጁም ከደብተሯ ጋር አብረው ይጠብቋታል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙሉ ፈተና የመለማመጃ ነበሩ። 60 ጥያቄ በ75 ደቂቃ፣ ሳይነሱ፣ ውኃ ሳይጠጡ። አንድ ጥያቄ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ መቆም ክልክል ነው፤ ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንሳል የሚል መመሪያ ካልተሰጠ ደግሞ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም፤ ከአራቱ ሁለቱን መጣል ከቻላችሁ በግምት የማግኘት ዕድላችሁ ግማሽ ሆኗል። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ሰው አንድ ሁለት ቀን ኮምፒውተር ቤት ሄዶ እጁን ያፍታታ። እህቴ በካርድና በመዝገብ የምትሠራ ነርስ ናትና ለዚህ አራት ከሰዓት በኋላ ሰጠን። ማውዙን ሳታይ ማንቀሳቀስ ስትጀምር ብቻ ከስክሪን ማንበብ ቀለላት።

ውጤቱ ሲወጣ እህቴ አለፈች። ከባልደረቦቼ አንዱ አለፈ፤ አንዷ በሁለት ነጥብ ቀረች፤ የስህተት ደብተሯን ይዛ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እህቴ ያመለከተችው ለሕዝብ ጤና ትምህርት ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ። ይኼ ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን እንዲያሠለጥን ነበር። ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ብዙ ሺህ ሰው የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ እንደሆነ ይነገራል። አያታችን ያን ዘመን «የንዳድ ዓመት» ይሉት ነበር። እህቴ ለመመረቂያ ጥናቷ ወባን ልትመርጥ አስባለች፤ እናቴ ደግሞ «መጀመሪያ ትምህርቱን ትጀምር፣ ወባው የትም አይሄድ» ትላለች።

የመኪናው መልስ፦ ሲሄድ 4 ሰዓት፣ ሲመለስ 2 ሰዓት፤ 200 ኪሎ ሜትር በ6 ሰዓት ስለሆነ በሰዓት 33.3 ኪሎ ሜትር ነው። 37.5 ያላችሁ 25ና 50ን ደምራችሁ ለሁለት አካፍላችኋል፤ ዳገቱ ላይ የፈጀውን ጊዜ ግን ረስታችኋል።